መርፌና እራፊ፤ ከጹጋሩ እስከ ልደታ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በዘውድና በጎራዴ፣ በቤተ መንግሥትና በሐውልት ብቻ የሚጻፍ አይደለም። ሕዝቡ ለብሶ ያስረጀው፣ ካረጀም በኋላ በመርፌ እየጠገነ ደግሞ የለበሰው ጨርቅ የራሱ የሆነ ምስክርነት አለው። ይሁን እንጂ ጨርቅ እንደ ድንጋይ ዘመን አይሻገርም፤ የድኻ ጨርቅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል። መኳንንቱ የለበሱት ካባ በሣጥን ተቆልፎ ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ፣ ገበሬው ያረሰበት ቁምጣ ተቀዶ ይጣፋል፣ ተጥፎ ይቀደዳል፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ከምድጃ ዳር ይቀራል። ስለዚህ የጥገናን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከቤተ መዛግብት አስቀድሞ ሊመረምራቸው የሚገቡ ሁለት ምንጮች አሉ፤ አንደኛው ቋንቋ ሲሆን ሁለተኛው እጅ ነው።

ቋንቋው ምን ይመሰክራል

አማርኛ በመርፌ ሥራ ረገድ ድኻ ቋንቋ አይደለም። ሁለት ጨርቅን ለጊዜው በሰፋፊ እርምጃ ማያያዝ መወስወስ ይባላል። ጠርዝ እንዳይተረተር ክሩን እያዞሩ መስፋት መዘምዘም፣ ዳርን አጥፎ መስፋት መቀምቀም፣ በክር ቅርጽ ማውጣት መጥለፍ፣ በቀዳዳ ላይ እራፊ ማኖር መጣፍ ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን መጥቀም የሚለው ቃል ነው። ልብስን በመርፌ የሰፋና የጠገነ ሰው «ጠቀመ» ይባላል፤ ለሌላው የበጀና የረባም «ጠቀመ» ይባላል። መስፋትና መርባት በአንድ ቃል መነገራቸው፣ ቢያንስ በተናጋሪው ጆሮ፣ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

ሌሎችም አባባሎች አሉ። በድንገት ተነሥቶ የሄደ ሰው «ጨርቄን ማቄን ሳይል» ሄደ ይባላል። ያበደውን «ጨርቁን ጣለ» ይሉታል። መንገደኛ የሚሸኘው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» በሚል ምርቃት ነው። ጨርቅ ንብረት፣ ጨርቅ አእምሮ፣ ጨርቅ ሰላም ሆኖ በንግግር ውስጥ የገባው፣ ለአብዛኛው ሰው ከአንድ ቅያሪ በላይ ማግኘት ብርቅ በነበረበት ዘመን መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ይኸው ቋንቋ ግን ሌላም ገጽ አለው። ደረተ ከሚለው ግሥ የወጣው ድሪቶ፣ እራፊ በእራፊ ላይ ተደራርቦ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። ይህን ልብስ ዓለምን የናቀ መነኩሴ ሲለብሰው የክብር ምልክት ይሆናል፤ ያጣ የነጣ ድኻ ሲለብሰው ግን ስድብ ነው። ልዩነቱ በስፌቱ ላይ ሳይሆን በለባሹ ላይ ነው፤ አንዱ መርጦት ይለብሰዋል፣ ሌላው ምርጫ አልነበረውም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ሠራተኛውን «ፋቂ» እያለ ያዋረደው አመለካከት ሥር የሰደደ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። የእጅ ሥራ በተናቀበት አገር የጥገና ሥራ፣ ያውም በየጓዳው በሴቶች እጅ የሚከናወነው፣ ጸሐፊ ሳያገኝ መቅረቱ የሚጠበቅ ነበር።

በባቡር የመጣው ጨርቅ

ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ አባዝታ የምትፈትል ሴትና ፈትሉን የሚሸምን ባለሙያ ለረጅም ዘመን የአገሪቱን ሕዝብ ያለበሱ እጆች ነበሩ። ከውጭ የሚመጣው አቡጀዲ ቀስ በቀስ ገበያ ሲይዝ፣ የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ ጉዞውን አፋጠነው። በፊት የአሜሪካ አቡጀዲ ገኖ የነበረ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመታት ግን በዋጋው ርካሽነት የተነሣ የጃፓን ጨርቅ ቀዳሚውን ቦታ ያዘ።

የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በጨርቅ ብቻ አልተወሰነም። በ1923 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተጉዘው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ለዚያ ትውልድ ምሁራን ጃፓን በአጭር ጊዜ የሠለጠነች፣ ነጻነቷንም ያስከበረች የእስያ አርአያ ነበረች። ከዚያች አገር ሊቀሰም የታሰበውም ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቱና የመንግሥት አደረጃጀቱ ነበር።

ይሁንና ከፋብሪካዋ ጃፓን በስተ ጀርባ ሌላ ጃፓን ነበረች፤ እርሷም የመርፌና የእራፊ ጃፓን ናት።

የበረዶ አገር መርፌ

በዋናዋ የጃፓን ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኘው የጹጋሩ አውራጃ ብርዱ ጥጥ አያበቅልም። ገበሬው በበጋም በክረምትም የሚለብሰው ከቃጫ የተሠራ ሳሳ ያለ ጨርቅ ነበር። ጥጥ ከደቡብ በመርከብ ቢመጣም ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም፤ በዚህም ላይ የአካባቢው ገዢ እ.ኤ.አ. በ1724 ገበሬዎች የጥጥ ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለ። ማን ምን ይልበስ የሚለው ጥያቄ የማዕርግ ጥያቄ የሆነው በጃፓን ብቻ አይደለም፤ በእኛም አገር ባለሥልጣን ፊት ሸማን አጣፍቶ መቆምና ማደግደግ ግዴታ ነበር።

የጹጋሩ ሴቶች ለብርዱም ለሕጉም መልስ የሰጡት በመርፌ ነው። ጨርቅ ቢከለከሉም ክር ነበራቸው። በሰማያዊ ቀለም የተነከረውን የቃጫ ጨርቅ ድር እየቆጠሩ፣ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት በሚል ጎዶሎ ቁጥር እየዘለሉ በነጭ ክር ሞሉት። በጨርቁ መሐል የነበረው ክፍተት ተደፈነ፣ ነፋሱ ተገታ፣ ልብሱ ጠነከረ። ይህ ሥራ ኮጊን ይባላል። በጎረቤቱ በናንቡ አውራጃ ደግሞ ቆጠራው በሙሉ ቁጥር ስለሆነ የሚወጣው ቅርጽ ይለያል። ልጃገረዶች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ረጅሙን የበረዶ ወራት ይህንኑ ሲማሩ ያሳልፉ ነበር።

ይህን የመሰሉ ሥራዎች ሁሉ በአንድነት ሳሺኮ ይባላሉ፤ ትርጉሙም «ጥቃቅን ውጊያ» ወደማለት ይጠጋል። ከብዙ እራፊ ተደራርቦ ለትውልድ የሚተላለፈው ልብስ ቦሮ ይባላል፤ ለእርሱ ከድሪቶ የተሻለ የአማርኛ ስም አይገኝለትም። በከተማው የእሳት አደጋ ተከላካዮችም ጨርቅ ደራርበው፣ ጥቅጥቅ አድርገው በሳሺኮ የሰፉትን ካፖርት በውሃ አርሰው ወደ ቃጠሎው ይገቡ ነበር።

ስፌቱ ሲመረመር ከእኛ ውስወሳ በመሠረቱ የተለየ ሆኖ አይገኝም፤ መርፌዋ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ታች ትገባለች። ልዩነቱ የእኛ ሰፊ ውስወሳን ዋናው ስፌት እስኪመጣ ለጊዜው ሲገለገልበት፣ የጃፓኗ ሴት ዋናው ስፌት ማድረጓ ነው። መርፌዋን ይዛ ጨርቁን በላይዋ እያጣጠፈች ብዙ እርምጃ ካስገባች በኋላ ክሩን በአንድ ጊዜ ትስባለች፤ ወዲያውም ጨርቁ እንዳይሸበሸብ በጣቷ ዳብሳ ታቃናዋለች። በመታጠፊያው ላይ ክሩን ጥቂት ታላላዋለች። ቀዳዳ ስትጠግን እራፊውን ከሥር አድርጋ ስፌቱን በቀዳዳው ከንፈር ላይ አታቆመውም፤ ወደ ደኅናው ጨርቅ አሻግራ በመደዳ ትሰፋለች። ጠርዙ ብቻ የተሰፋ እራፊ በዚያው በጠርዙ ይቀደዳል፤ መላ አካሉ የተሰፋ ግን መሳቡን ለብዙ ነጥቦች ስለሚያከፋፍለው ይቆያል። ይህን ለመማር ከመርፌ፣ ከክርና ከትዕግሥት በቀር የሚያስፈልግ መሣሪያ የለም።

ከውርደት ወደ ቅርስ

ይህ ጥበብ በአገሩም ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 የባቡር ሐዲድ ከቶኪዮ እስከ ሰሜኑ ጫፍ ደረሰ፤ ርካሽ የጥጥ ጨርቅም ተከትሎ ገባ። ኮጊን የድኽነት መታሰቢያ ስለነበር ባለቤቶቹ ራሳቸው ጣሉት፤ እራፊ የለበሰ ልብስ በእንግዳ ፊት የሚደበቅ ሆነ። ባቡር ለአዲስ አበባ ካደረገው ጋር ሲነጻጸር ታሪኩ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል።

ታሪኩ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። የሕዝብ እጅ ሥራ ተቆርቋሪ የነበረው ያናጊ ሶኤጹ እ.ኤ.አ. በ1932 በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ስለ ኮጊን ጽፎ፣ ስም የለሾቹ የገበሬ ሴቶች የሠሩት ሥራ የጥበብ ሥራ መሆኑን አስታወቀ። ይህ የሆነው የብላቴን ጌታ ኅሩይ መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ በታተመበት ወቅት ገደማ ነው። ኢትዮጵያ በጃፓን ፋብሪካ ስትደነቅ፣ አንድ ጃፓናዊ ደግሞ ፋብሪካው ስላጠፋው ነገር ይቆረቆር ነበር ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ ታናካ ቹዛቡሮ የተባለው የአኦሞሪ ሰው በየመንደሩ እየዞረ አሮጌ ልብስ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1983 ከስብስቡ 786 የሳሺኮ ልብሶች በመንግሥት የሕዝብ ባህል ቅርስነት ተመዘገቡ። የሰበሰባቸው ቦሮዎችም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2019 በቶኪዮ በአንድ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታይተዋል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ዛሬ በውድ ሱቅ ሆን ተብሎ ተቀዶና ተጥፎ የሚሸጥ ልብስ አለ። የጹጋሩ ሴት ግን እራፊ የጣፈችው ልጇ በብርድ እንዳይሞት ነው። ሥራዋን ማድነቅ ተገቢ ነው፤ ችግሯን ማስዋብ ግን ሁለተኛ በደል ነው።

የልደታ በረንዳ

አዲስ አበባ ውስጥ ከለገሃር ብዙም የማይርቀው ልደታ፣ በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራው ሰፈር፣ የዚህን ታሪክ የእኛን ወገን ያሳያል። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው፤ «የእጅ ሥራ» የሚል ትርጉም ያለው ስሙ፣ ሲናቅ ለኖረው ሙያ የተሰጠ የክብር ስም ነው። በጭቃ ቤቶቹ መሐል ግን ከትምህርት ቤት ውጪ የሚገኝ ሌላ ተግባረ ዕድ ነበር። የልብስ ሰፊው በበረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ያለቀ ኮሌታ ይገለብጣል፣ የነጣ ኮት ፈቶ ውስጡን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰፋል፣ የተማሪ ሱሪ በጉልበትና በመቀመጫው ይጥፋል። በየቤቱ እናት አሮጌውን ጋቢ ቆርጣ ለሕፃን መታቀፊያ ታደርጋለች፤ የእህል እርዳታ የመጣበት ከረጢትም ታጥቦ ልብስ የሆነበት ክፉ ዘመን ነበር።

ያ ዓለም ከሁለት ወገን ተገፋ። በአንድ ወገን ሰልባጅ፣ በሌላው ወገን ርካሹ የፋብሪካ ልብስ መጣ፤ ከመጠገን መግዛት ቀለለ። ልዋጮች በየደጁ እየጮሁ አሮጌውን ልብስ በፕላስቲክ ሳፋና በብርጭቆ ይለውጡ ጀመር፤ እራፊ ይሆን የነበረው ጨርቅም ከቤት ወጣ። ከዚያ የ2000ዎቹ ዓ.ም. መልሶ ግንባታ ደረሰ። የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ፎቆች ቆሙ፤ በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር በሰፈሩ አለፈ። ንጹሕ ውሃና ጽኑ ጣሪያ ማግኘት የሚያስቆጭ ነገር አይደለም። ነገር ግን በረንዳው ሲፈርስ በረንዳው ላይ የነበረው ዕውቀት ወዴት ሄደ ብሎ የመዘገበ አልተገኘም።

በእኛ ቤተ መዘክሮች ጎልቶ የሚታየው አሁንም የነገሥታቱ ካባ ነው፤ ጎኑ ላይ አንድ ድሪቶ፣ አንድ የተገለበጠ ኮት፣ አንድ የተጣፈ የተማሪ ሱሪ ቢሰቀል የካባው ክብር አይቀንስም፤ ታሪኩ ግን ሙሉ ይሆናል። የእጅ ሥራ መምህር ተማሪዎቹን ከየአያቶቻቸው የስፌት ስሞችን እንዲሰበስቡ ሊያሰማራ ይችላል፤ ሠዓሊው የእራፊን አደራደር፣ ጸሐፌ ተውኔቱ የበረንዳውን ጨዋታ በሥራው ሊያኖር ይችላል። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ያናጊም ሆነ ታናካ የጀመሩት ሌላው ሊጥለው የተዘጋጀውን ጨርቅ ብርሃን ላይ ዘርግቶ በማየት ነው። መወስወስን፣ መዘምዘምን፣ መቀምቀምን በእጃቸው የሚያውቁ እናቶችና ሰፊዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ እነርሱ ሲያልፉ ግን ቃሉ በመዝገበ ቃላት ቢቀር እንኳ እጁ አይቀርም።