ከ«ንጉሥ አይከሰስ» እስከ ናይሮቢ ችሎት



የዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ዕድራችን፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርትና ስለ በዓላት ዝግጅታችን የሚጽፍ ሰው እንዳልጠፋ፣ ነገር ግን ስላስተናገደችን አገር አንድም ጽሑፍ እንዳልደረሳቸው ቢነግሩን፣ እኛ ጥቂት አንጋፋ አባላት ተሰብስበን ምን ይጻፍ ብለን ተማከርን። ስለ ማሳይ ማራ የሚያወራ የጎብኚ መጽሐፍ ሞልቷል። እኛ የመረጥነው የፍርድ ቤትን ነገር ነው። በናይሮቢ በኖርንበት ዘመን እንደ ምርጫና ከምርጫ በኋላ እንደሚከተለው ነገር ቤታችንን ያስጨነቀ የለምና። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ «በእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ይህን አባባል ሁላችንም ይዘነው ተሰደናል። ነገር ግን እነዚያው አባቶች ሌላም ነገር ነበራቸው። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ጦር ቢይዝ እንኳ ባለበት ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ተቋጥረው፣ ጠባቂ ፖሊስ ሳያስፈልጋቸው፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዱ ነበር። መንገደኛውም «ዳኘን» ሲባል ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማል፤ ተሟጋቾቹ በ«በላ ልበልሃ» ይፋጠጣሉ፤ በዙሪያው የተሰበሰበውም ሕዝብ አስተያየቱን ይሰጣል። እንግዲህ በድሮው አገራችን ዳኝነት የዳኛው ብቻ ሳይሆን የአላፊ አግዳሚውም ሥራ ነበር። ንጉሡን መክሰስ ግን አልተቻለም።

ከእኛ መካከል በደርግ ዘመን የወጣነው ደግሞ ንጉሥ አለመከሰሱን ብቻ ሳይሆን ያለ ዳኛ መገደልንም አይተናል። በኅዳር 1967 በእኛ አቆጣጠር ስልሳ ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ባለ ሥልጣናት፣ በአንድ ሌሊት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት ሲባል ለብዙዎቻችን ትርጉሙ ጠፋ።

ኬንያ ስንደርስ በዚህ በኩል የተለየ ነገር አላገኘንም። አገሪቱ በ1982 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። በ1988 ደግሞ በሌላ ማሻሻያ ዳኞች ከሥራ የማይነሡበት ዋስትና ተሰረዘ። ይህ ሁለተኛው ብዙ አልተወራለትም፤ እኛ ግን ዋናው እሱ ነው እንላለን። ጠዋት በመንግሥት ላይ የፈረደ ዳኛ ማታ እንጀራው ሊቋረጥ ከቻለ፣ የመጻፍም ሆነ የመሰብሰብ መብት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። በመሐል ናይሮቢ የሚገኘው ኛዮ ሐውስ ምድር ቤት ውስጥ ሰዎች እየተገረፉ፣ ያለ ጠበቃ ችሎት ቀርበው ጥፋተኛ ነኝ እያሉ የሚፈረድባቸው በእነዚያ ዓመታት ነበር። እኛም በዚያ ሕንጻ የመኖሪያ ፈቃዳችንን ለማሳደስ ስንሰለፍ፣ ከእግራችን ሥር ምን እንዳለ አናውቅም ነበር። የዳኞቹ ዋስትና በ1990 ተመለሰ፤ ፍርሃቱ ግን አብሮ አልሄደም።

በ1989 ዋንጋሪ ማታይ የተባሉት ምሁር፣ በኡሁሩ ፓርክ መካከል 60 ፎቅ ያለው የገዥው ፓርቲ ሕንጻ እንዳይሠራ ፍርድ ቤት ሄደው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም የመለሰላቸው፣ ፓርኩ የእርስዎ የግል ንብረት አይደለምና ለመክሰስ መብት የለዎትም የሚል ነበር። የሕዝብ ንብረት ሲነካ ከሕዝብ አንዱ መክሰስ ካልቻለ ማን ሊከስ ነው? ሴትዮዋ ከችሎቱ ተሸንፈው ቢወጡም ደብዳቤ መጻፉን አላቋረጡም፤ ገንዘብ ሊያወጡ የነበሩት የውጭ ሰዎችም ሸሹ፤ ሕንጻው ሳይሠራ ቀረ። ዛሬ ልጆቻችን እሑድ እሑድ ኳስ የሚጫወቱበት ሣር የዚያ ክስ ትርፍ ነው።

በዚያው ፓርክ በፌብሩዋሪ 1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች የረሃብ አድማ መቱ። ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ሲመጣባቸው ካረጁት እናቶች አንዳንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ። በእኛም ባህል ሆነ በእነርሱ እናት እንዲህ ስታደርግ ከእርግማን ሁሉ የከፋ ነው። ከዚያ ወደ ኦል ሴይንትስ ካቴድራል ገብተው አንድ ዓመት ያህል ተቀመጡ፤ በ1993 መጀመሪያ ከልጆቻቸው አብዛኞቹ ተፈቱ። ያን ጊዜ ፍርድ ቤት ያላደረገውን እናቶች አደረጉት።

እዚህ ላይ የኬንያን ዳኞች አለልክ እንዳናወድስ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በ2003 በተደረገ ማጣራት 23 ዳኞችና 82 የበታች ችሎት ዳኞች በጉቦና በመሳሰለው ስማቸው ተነሣ። በዚህ አገር ጠበቃ ከመቅጠር ዳኛ መግዛት ይቀላል የሚል ቀልድ ነበር፤ ከእኛም መካከል ቀልዱን የምር ያደረጉ አልጠፉም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የተከፈለው በ2007 መጨረሻ ነው። የዲሴምበር 27ቱ ምርጫ ውጤት ሲነገር ተቃዋሚው ወገን ፍርድ ቤት አልሄደም። ለምን ቢባል፣ ዳኞቹ የመንግሥት ናቸው ብሎ ስላመነ ነው። ክርክሩ ችሎት መግባት ሲያቅተው መንገድ ላይ ወጣ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። የዚያን ዓመት ገና፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2008፣ ብዙዎቻችን በር ዘግተን፣ መብራት ቀንሰን አከበርን። ዶሮ አልነበረም፤ ሽሮ ነበር። አንዲት እናት ያን ዕለት «ከአገሬ የሸሸሁት ይኸው ቀድሞኝ ደረሰ» ያሉትን እስከ ዛሬ እናስታውሳለን።

ከዚያ በኋላ ኬንያውያን ያደረጉት ግን ሊመሰገን ይገባል። ኦገስት 4 ቀን 2010 በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቁ። ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕዝብ ጥቅም መክሰስ እንዲችል ተጻፈ፤ ዋንጋሪ ማታይን ያስወጣው በር በዚህ ተከፈተ። ሰባት ዳኞች ያሉት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። የፕሬዚዳንት ምርጫ አቤቱታ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲቀርብ፣ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እንዲፈረድ ተደነገገ። ነባሮቹ ዳኞች አንድ በአንድ ተመረመሩ። ለአዲሶቹ ወንበሮች የተወዳደሩት ደግሞ ሕዝብ በቴሌቪዥን እያያቸው ተጠየቁ። በዚህ መንገድ በ2011 ዋና ዳኛ የሆኑት ዊሊ ሙቱንጋ በ1980ዎቹ ያለ ፍርድ የታሰሩ ሰው ነበሩ። ራይላ ኦዲንጋም (ነፍሳቸውን ይማርና በኦክቶበር 2025 አርፈዋል) በ2013 ክሳቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ተሸነፉ፤ ፍርዱን እንደማይስማሙበት ተናግረው ተቀበሉ።

የኦገስት 8 ቀን 2017 ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የምርጫ ኮሚሽኑ የኮምፒውተር ኃላፊ ክሪስ ምሳንዶ ተገድለው ተገኙ። ከምርጫው በኋላ ኡሁሩ ኬንያታ 54 ከመቶ አግኝተዋል ተባለ። ኦዲንጋ እንደገና ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ የኮሚሽኑ ኮምፒውተሮች ይታዩ ብሎ ቢያዝ ኮሚሽኑ ትእዛዙን በሙሉ አልፈጸመም።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ዓርብ ነበር። ያለፈው ጊዜ ትምህርት ሆኖን ሩዝና ዘይት ገዝተን፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርተን፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠናል። ከመካከላችን ነገሩ እንዲህ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ ምርጫው በሕገ መንግሥቱና በሕጉ መሠረት አልተካሄደም፣ ስለዚህ ውጤቱ ውድቅ ነው ብለው አነበቡ። አራት ዳኞች ደግፈው ሁለት ተቃወሙ፤ ሰባተኛው ታመው ነበር። በአፍሪካ ፍርድ ቤት በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበትን ምርጫ ሲሰርዝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ቤቱ ውስጥ ያለነው ጎልማሶች መጀመሪያ ያልነው ስለ ምርጫው አልነበረም። «ይገድሉታል» ነው ያልነው። በካምፓላ በኩል ያለፍን ሰዎች ቤኔዲክቶ ኪዋኑካን አንረሳም። የኡጋንዳ ዋና ዳኛ ነበሩ። ያለ አግባብ የተያዘ አንድ እንግሊዛዊ እንዲፈታ ካዘዙ በኋላ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1972 የኢዲ አሚን ሰዎች ከፍርድ ቤቱ ከገዛ ቢሯቸው አውጥተው ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልታዩም። ከአገራችንም የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነገር አለ። በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ዳኛ ሳሉ አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ቢለቁ፣ ፖሊስ ከችሎቱ ሲወጡ መልሶ ያዛቸው። ያን የምናውቅ ሰዎች በማራጋ ብንሰጋ አይፈረድብንም።

ኬንያታ ፍርዱን እንደሚያከብሩ ተናገሩ፤ ወዲያውም ዳኞቹን በአደባባይ ወሮበሎች ብለው ሰደቡ። ስድብ ነው፤ ወታደር ግን አልላኩም። በእኛ ዕድሜ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሆኖም ነገሩ ሁሉ አማረ ብንል እንዋሻለን። ድጋሚ ምርጫው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው የምክትል ዋና ዳኛዋ ጠባቂ በጥይት ተመታ። በማግስቱ ምርጫውን ለማዘግየት የቀረበውን አቤቱታ ለመስማት አምስት ዳኞች ሲያስፈልጉ የመጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። ኦዲንጋ ራሳቸውን ከድጋሚው ምርጫ አገለሉ፤ ኬንያታም 98 ከመቶ አግኝተው አሸነፉ። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ የሞቱም አሉ። ይህን አይተው «ታዲያ ፍርዱ ምን ጠቀመ?» የሚሉ ወዳጆች ከእኛም መካከል አሉ፤ በቡና ላይ ያልተቋጨ ክርክር ነው።

እኛ የምንመልሰው ከዚያ በኋላ በመጣው ነው። በፌብሩዋሪ 2020 የማላዊ ዳኞች የራሳቸውን አገር ምርጫ ሰረዙ፤ በዚያው ዓመት ጁን በተደረገው ድጋሚ ምርጫ ተቃዋሚው አሸነፈ። የማላዊ መንግሥት ዋና ዳኛውን ከጡረታ በፊት ፈቃድ ውጡ ብሎ ሊያሰናብታቸው ሲሞክር ጠበቆች ሰልፍ ወጡ። በኬንያም ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የጀመሩትን ዘመቻ ተራ ዜጎች ከሰው በሜይ 2021 በከፍተኛው ፍርድ ቤት አስቆሙት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በማርች 2022 ዋናውን ነገር አጸና። በዚያ ጉዳይ ከፈረዱት አምስት ዳኞች ሁለቱ የሹመት እድገታቸው ተይዞባቸው ቆይቶ በሴፕቴምበር 2022 በአዲሱ ፕሬዚዳንት ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

በኦገስት 2022 ምርጫ ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ የምርጫ ጣቢያዎችን ቅጽ ማንም እንዲያየው በኢንተርኔት ዘረጋ። እዚህ ተወልደው የኬንያ ዜግነት ያላቸው ልጆቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥተው መጡና፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ቅጾቹን በስልክ እያወረዱ ደመሩ። እኛ የመኖሪያ ፈቃድ ይዘን ሠላሳ ዓመት የኖርን ወላጆች አጠገባቸው ተቀምጠን ቁጥር እናነብላቸው ነበር። ድምር የተሳሳተበት አንድ ልጅ በሌላው ሲታረም፣ አንድ አባት «ይኼ የመንገድ ዳኛ ነው» ብለው ሳቁ።

ያን ጊዜም ክስ ቀረበ። ፍርዱ የተቀጠረው ሴፕቴምበር 5 ሰኞ ነበር፤ የ2015 እንቁጣጣሽ በእኛ አቆጣጠር የሚውለው በሳምንቱ መጨረሻ እሑድ ነው። ለበዓሉ የያዝነውን አዳራሽ ቀሪ ኪራይ፣ ፍርዱ እስኪታወቅ አንከፍልም ብለን ይዘነው ነበር። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ የዊልያም ሩቶን መመረጥ አጸኑ፤ ኦዲንጋ በፍርዱ ባይስማሙም እንደሚያከብሩት ገለጹ። ከሰዓት በኋላ ማታቱዎቹ እንደ ወትሮው ጡሩምባቸውን እያሰሙ ተመለሱ። ገንዘብ ያዣችንም ከመምሸቱ በፊት ሄደው የአዳራሹን ኪራይ ከፈሉ።