የኩላሊት ቆቦችና ደም ብዛት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በየማታ ትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ከባችሁ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ንግግራችን የአንዲት ትንሽ ዕጢ ታሪክ ነው።

ሰበታ ከማስተምራቸው እናቶች አንዷ ደም ብዛት አለባቸው። «ምክንያቱ በሆድ ፎቶ ይታወቃል» የሚል ሰው ሰምተው፣ ጊደራቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ገቡና ተነሡ። ፎቶው በኩላሊታቸው አናት ላይ እባጭ አሳየ። ቤተሰቡ በለቅሶ ተናጠ። ለመሆኑ ማልቀስ ይገባ ነበር? ታሪኩን እንስማና ወደ እሳቸው እንመለሳለን።

በሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ዕጢዎች አሉ። አድሬናል ይባላሉ። እያንዳንዳቸው 5 ግራም ቢመዝኑ ነው። ታዲያ ትንሽ ናቸው ተብለው አይናቁም። የሚያመነጩት ሆርሞን ሰውነት ጨው እንዲይዝ ያደርጋል፤ ልብንም ያስሮጣል። ከልክ ካለፈ ደም ብዛት ያመጣል።

ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። በ1895 ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን አገኙ። ራጅ አጥንትን ያሳያል እንጂ ስብ ውስጥ የተሸሸገች ለስላሳ ዕጢን አጥርቶ አያሳይም። በ1954 በአሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ ዶክተር ጀሮም ኮን አንዲት የ34 ዓመት ሴት ገጠመቻቸው። ደም ብዛት አለባት፤ ጡንቻዋም ይዝላል። ሲቲ ስካን ያን ጊዜ የት ተሠርቶ! ደሟንና ሽንቷን መርምረው፣ የፖታሲየሟን ማነስ አይተው፣ ጥፋቱ የዕጢዋ ነው አሉ። በቀዶ ሕክምና ሲታይ በቀኙ ዕጢ ላይ እባጭ ተገኘ። ወጣላትና ዳነች።

በ1971 በለንደን የኢንጂነር ሃውንስፊልድ ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን በሽተኛ አነሣ። ይህ መሣሪያ ሰውነትን እንደ ዳቦ ቁራሽ እየከፈለ ያሳያል። መጀመሪያ ለጭንቅላት ነበር፤ ቆይቶ ለሆድም ሆነና እነዚያ ቆቦች ታዩ። ሃውንስፊልድና ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሲቲ ስካን የእባጩን ቅርጽ ያሳያል፤ ሥራውን ግን አይናገርም። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ሰው ጉዳት የሌለው ሥራ ፈት እባጭ ይኖረዋል። ደም ብዛት የሚያመጣው ደግሞ አንዳንዴ በፎቶ እንኳ የማይታይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ዶክተር ኮን እንዳደረጉት ደምና ሽንት ይቀድማሉ፤ ፎቶ ይከተላል። ፎቶው ያን ጊዜ ለቀዶ ሐኪሙ መንገድ ይመራል። ከየትኛው ወገን መሆኑ ካልተለየ፣ ከሁለቱም ዕጢዎች ደም ሥር ደም ተቀድቶ ይመረመራል።

የሰበታዋ እናትስ? ኋላ ደማቸውና ሽንታቸው ሲመረመር እባጩ ሥራ ፈት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ክኒናቸውን እየወሰዱ በደህና ይኖራሉ። ጊደሯ ግን ቀረች።

ይህን ያልኩት ፎቶን ለመንቀፍ አይደለም። ደም ብዛቱ በወጣትነት የያዘው፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ አልወርድ ያለው፣ ፖታሲየሙ ያነሰ፣ ወይም ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት ባንድነት እየመጡ የሚሄዱበት ሰው «የአድሬናል ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒቱን ግን በራሱ አያቁም። ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሰበታ በዓለም ገና አዲስ አበባ ለመግባት ገንዘብ ይወጣል፤ የምርመራው ወረቀት አብሮ ይሂድ።

የቤት ሥራችሁ ይኸውላችሁ፦ ስትለኩ ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ብዛት ነው። ቁጥሩን ማንበብ የቻለ ሐኪሙን መጠየቅም ይችላል።