ሎሚ፣ ፖምና የእርግብ ደረት

ሲትሪክ አሲድ ከሎሚ፣ ማሊክ አሲድ ከፖም፣ ሰክሲኒክ አሲድ ደግሞ ከአምበር፣ ማለትም ድንጋይ ሆኖ ከቀረ የጥንት ዛፍ ሙጫ ነው የወጡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለይቶ ያወጣው ስዊድናዊው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ሼሌ ሲሆን ዘመኑ 1784 እና 1785 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ እነዚህ ኮምጣጣ ነጭ ዱቄቶች በኬሚስቶች መደርደሪያ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። የሰው ሥጋ ቀን ከሌት እንደሚያመርታቸውና እንደሚያነዳቸው ያወቀ አልነበረም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በስዊድን የሉንድ ከተማ ቶርስተን ቱንበርግ የተከተፈ ሥጋን ከሰማያዊ ቀለም ጋር አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ እየዘጋ አሲዶቹን በየተራ ሞከራቸው። ቀለሙ ከነጣ፣ በሥጋው ውስጥ ያለ ኢንዛይም በዚያ አሲድ ላይ ሠርቷል ማለት ነው።

ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት-ጂዮርጂ ደግሞ እርግብ መረጠ። ክንፍ የሚያርገበግበው የደረት ጡንቻ ኦክስጅን አይጠግብም። ፉማሪክ የተባለ ሌላ አሲድ ጠብ ሲያደርግበት፣ ጡንቻው የተጨመረውን አሲድ ለማቃጠል ከሚበቃው እጅግ የበለጠ ኦክስጅን ሳበ። አሲዱ እንደ እርሾ ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ያስነሳል።

ጀርመናዊው ባዮኬሚስት ሃንስ ክሬብስ የሠለጠነው በርሊን፣ ኦቶ ዋርቡርግ ዘንድ ነው። በ1933 አይሁዳዊ በመሆኑ ከፍራይቡርግ ተባረረና የዋርቡርግን የኦክስጅን መለኪያዎች ይዞ እንግሊዝ ገባ፤ በ1935 ሼፊልድ ሰፈረ። መለኪያው ሲያዩት ተራ ነገር ነው። የተከተፈው ጡንቻ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። በብልቃጡ መሃል ባለች ጽዋ የተቀመጠው አልካሊ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይውጠዋል። ብልቃጡ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እየተወዛወዘ፣ ከጎኑ ካለችው ክንድ አሲዱ ይገለበጥበታል፤ ከዚያ ኦክስጅን በተበላ ቁጥር በቀጭኑ ቱቦ ያለው ፈሳሽ ከፍታው ይለወጣል። ቀኑን ሙሉ የሚነበበው ያ ለውጥ ነው።

አሲዶቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ወሳኙን ፍንጭ የሰጠው ግን አስመሳዩ ማሎኒክ አሲድ ነበር። ሰክሲኒክን ይመስላል፣ ብቻ አንድ ካርቦን ያንሰዋል፤ ኢንዛይሙ ላይ ይሰካል እንጂ አይለወጥም። ስለዚህ በሰክሲኒክና በፉማሪክ መካከል ያለው መንገድ ይዘጋል። መንገዱ በተዘጋበት ጡንቻ ላይ ክሬብስና ተማሪው ዊልያም ጆንሰን ፉማሪክ ሲጨምሩ ሰክሲኒክ ተጠራቀመ። በሌላ በኩል ዞሮ ካልመጣ ከየት ይመጣል? ኦክሳሎአሴቲክ አሲድ ሲሰጡት ደግሞ ጡንቻው ሲትሪክ አሲድ ሠራ። የአሲዶቹ ሰንሰለት ዞሮ ቀለበት ሆኖ ገጠመ፤ ሼሌ ከሎሚ ያወጣው አሲድ መሃሉ ላይ ተገኘ።

ክሬብስ በሰኔ 1937 ጽሑፉን ለኔቸር መጽሔት ላከ። መጽሔቱ ለብዙ ሳምንታት የሚበቃ ደብዳቤ ተጠራቅሞብኛል ብሎ መለሰለት፤ ወረቀቱ በሆላንዱ ኤንዚሞሎጂያ ወጣ። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት የወሰደው ሴንት-ጂዮርጂ ነበር። ለክሬብስ ተራው የደረሰው በ1953 ነው፤ ያኔም ከፍሪትዝ ሊፕማን ጋር ተካፈለ። ከምግብ የመጣውን ባለሁለት ካርቦን ጭነት ወደ ቀለበቱ የሚያደርሰውን ኮኤንዛይም ኤ ያገኘው ሊፕማን ነው፤ በ1937ቱ ሥዕል ላይ ያ መግቢያ በር ገና አልተለየም ነበር።