የአየር ብክለትና የምዕራብ ጎጃም ደጋ ደኖች

ምዕራብ ጎጃም ከአባይ ሸለቆ ቆላ ተነሥቶ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ወይና ደጋ አልፎ፣ ግሽ አባይ ወዳለባት ሰከላ የሚወጣ አገር ነው። የጥንቱ ደን በአብዛኛው ለእርሻ ተመንጥሯል። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ዛሬ በብዛት የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ የአየር ብክለት በደን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማጥናት ከእነዚህ ደኖች የተሻለ መነሻ የለም።

የዘርፉ ምርምር በሌላው ዓለም ያደገው ከጭስ ማውጫና ከመኪና ጋር ነው። በመካከለኛው አውሮፓ ተራሮች የደን መጎዳት ከድንጋይ ከሰል ከሚወጣው ድኝ ጋር ተያይዞ ተጠና፤ በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ ተራሮች የፓይን ዛፎቹን የጎዳው ከሎስ አንጀለስ የሚመጣው ኦዞን ነበር። የጎጃም ምንጮች ሌሎች ናቸው፦ የማገዶና የኩበት ጭስ፣ የከሰል ማክሰያ፣ በበጋ የሚነደው የቆላ ሣር፣ በአዲስ አበባ–ባሕር ዳር መንገድ የሚመላለሱ የናፍጣ መኪኖች፣ ከከብትና በበቆሎ ማሳ ላይ ከሚበተነው ዩሪያ የሚተነው አሞኒያ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሲስፋፋ ይታከልበታል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ኦዞን ነው። ከጭስና ከመኪና የሚወጡ የናይትሮጅን ጋዞች፣ ባሕር ዛፍ አብዝቶ ከሚለቀው አይሶፕሪን ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ይፈጠራል። ዛፉን የሚጎዳው ግን በቅጠል ቀዳዳ ሲገባ ነው። በበጋ የተጠማ ዛፍ ቀዳዳውን ስለሚዘጋ፣ በአየር ውስጥ ያለውን መጠን ብቻ መለካት ያሳስታል። ምድሩ እርጥብ፣ ፀሐዩ ብሩህ የሆነበት የመስከረምና የጥቅምት ወቅት ተለይቶ መጠናት ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የአፈር ነው። የአካባቢው አፈር በከባድ ዝናብ እየታጠበ አስቀድሞ አሲዳማ ስለሆነ፣ አርሶ አደሩ ኖራ ይበትንበታል። ከአየር የሚወርደው ናይትሮጅን ይህን ምን ያህል እንደሚያባብሰው ለማወቅ የማዳበሪያውን ድርሻ መለየት ግድ ይላል። የደብር ደን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በውስጡ ዩሪያ አይበተንም፣ አይታረስምም። በተመሳሳይ ከፍታና አፈር ላይ ያለ፣ አንዱ ከመንገድ የቀረበ ሌላው የራቀ ደን ተመርጦ፣ ከቅጠል የሚንጠባጠበው ዝናብ ሜዳ ላይ ከሚወርደው ጋር ይነጻጸራል። የአየሩን ጋዝ ለመለካትም መሣሪያው ውድ አይደለም፤ ጋዝን መብራት ሳይፈልጉ ይዘው የሚያቆዩ ትናንሽ መለኪያዎች አሉ። ደኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ፣ አቧራና አሞኒያ አብዝቶ የሚያርፍበት ጠርዛቸው ከስፋታቸው አንጻር ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ናሙና ከጠርዙም ከመሃሉም መወሰድ አለበት።