ካፖርቱ ከብርድ ያድናል፤ ከጉምስ?

የድሮዎቹን የአሜሪካ የአየር ፖስታ አብራሪዎች በፎቶ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? የቆዳ ቆብ፣ ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚይዝ መነጽር፣ ውስጡ ፀጉር የተለበጠ ወፍራም ቱታ፣ ረጅም ጓንትና ቦት ጫማ። የፊልም አክተር ነው የሚመስሉት! ልብሱ ግን ለዝነጣ አልነበረም። ዲኤች-4 የሚባለው አውሮፕላናቸው ለአብራሪው ጣሪያ የለውም። ነፋሱም፣ በረዶውም፣ ከሞተሩ የሚረጨው ዘይትም የሚያርፈው ፊቱ ላይ ነው። ያለ መነጽር ዓይን አይገለጥም፤ ያለ ጓንት ጣት አይታዘዝም።

አገልግሎቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1918 ነው። ፕሬዝዳንት ዊልሰን ሳይቀሩ ለሽኝት ወጥተው ነበር። ከዋሽንግተን የተነሳው ጆርጅ ቦይል ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ፊላደልፊያ መሄድ ሲገባው ወደ ደቡብ በርሮ ሜሪላንድ ውስጥ አረፈ። ደብዳቤዎቹም በመኪና ተመለሱ። አይፈረድበትም። ያኔ አብራሪ መንገዱን የሚያውቀው ቁልቁል ወንዝና የባቡር ሐዲድ እያየ ነበር።

ታዲያ ጉም ምድሩን ሲሸፍነውስ?

የአየር ፖስታው ኃላፊ ኦቶ ፕሬገር መልሳቸው አጭር ነበር፦ ብረሩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1919 ኒውዮርክ፣ ቤልሞንት ፓርክ፣ ሊዮን ስሚዝና ሃሚልተን ሊ በጉም አንበርም አሉ። ሁለቱም ተባረሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ዝም አላሉም፤ አድማ መቱ። በመጨረሻ አየሩ ለበረራ መመቸቱን ዋሽንግተን የተቀመጠ አለቃ ሳይሆን እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ያለ ሰው እንዲወስን ተስማሙ። ሊም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስምምነቱ ሞትን አላስቀረም። ፖስታ ቤቱ በራሱ አብራሪዎች እስከሠራበት እስከ 1927 ድረስ ከ30 በላይ አብራሪዎች ሞተዋል። ከትጥቁ ሁሉ ነፍስ የሚያድነው ፓራሹት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልነበረም። ኋላ ላይ አትላንቲክን ብቻውን በማቋረጥ የታወቀው ቻርልስ ሊንድበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ፖስታ ሲያመላልስ ሁለት ጊዜ በፓራሹት ዘሎ ነው የተረፈው።

እኔን የሚገርመኝ እነዚያን ፎቶዎች ስናይ የምናደንቀው ልብሱን መሆኑ ነው። ልብሱ የሚከላከለው ብርድን ብቻ ነበር። በጉም ውስጥ ደብዳቤ ይዞ መሞትን የሚከላከለው «አልበርም» የምትለዋ ቃል ነበረች። እሷን ለመናገር ደግሞ የቆዳ ካፖርት አያስፈልግም፤ ከጎን የሚቆም የሥራ ባልደረባ እንጂ። ሃሚልተን ሊ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1994 አረፈ።