ተኳሽ ብቻውን አያሸንፍም፦ የጀግኖች የቡድን ተኩስ ጨዋታ አጀማመርና የሥራ ክፍፍሉ ታሪክ

መግቢያ

በኮምፒዩተር ስለሚካሄድ የተኩስ ጨዋታ ሲነሣ፣ ነገሩን በቅርብ የማያውቅ ሰው ወደ ሐሳቡ የሚመጣለት አንድ የታጠቀ ሰው ያገኘውን ሁሉ እየጣለ ሲያልፍ ነው። ይህ ግምት ከመሠረቱ ስሕተት ነው ሊባል አይቻልም፤ የዘርፉ አጀማመር እንደዚያው ነበርና። ይሁን እንጂ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ከዚሁ ግንድ ልዩ ጠባይ ያለው አንድ ቅርንጫፍ በቅሏል። በዚህ ቅርንጫፍ ከስድስት ተጫዋቾች መካከል የሁለቱ ዋና ሥራ መግደል ሳይሆን ማከም፣ የሌሎቹ ሁለቱ ሥራ ደግሞ ጋሻ ሆኖ መቆም ሊሆን ይችላል። ፈረንጆቹ «ሂሮ ሹተር» የሚሉት፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ «የጀግኖች ተኩስ» ብለን የምንጠራው ጨዋታ ይህ ነው።

ጽሑፉን ለማዘጋጀት ያነሣሣን ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጨዋታውን ፈጽሞ የማያውቀው የማኅበራችን አባል ልጆቹ ወይም ወጣት ባልደረቦቹ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ እንዲረዳ መንገድ መክፈት ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን፣ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ከመነሻው ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ አንድ ጥያቄ መኖሩ ነው። ሁሉም ሰው መተኮስ በሚፈልግበት ቦታ የሚያክመውና የሚከላከለው ሰው ከየት ይገኛል? ሥራውስ በምን ይቆጠርለታል? ጥያቄው በማናቸውም የኅብረት ሥራ የሚያጋጥም ስለሆነ፣ የጨዋታ ሠሪዎች የሞከሩትን መፍትሔ በየተራ መመልከት ለሌላውም ሙያ ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው አሠራር

የጀግኖች ተኩስ በሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ ግጥሚያ ነው። በእያንዳንዱ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ሁሉም በየቤታቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት አማካይነት ከአንድ ሰርቨር ጋር ይገናኛሉ። ግጥሚያው ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች ከተዘጋጁት በርካታ ጀግኖች አንዱን ይመርጣል። ጀግኖቹ የየራሳቸው ስም፣ መልክ፣ መሣሪያና ችሎታ አላቸው፤ አንዱ ፈጣን ሆኖ አካሉ ቶሎ ይጎዳል፣ ሌላው ግዙፍ ሆኖ እርምጃው ይከብዳል።

ጀግኖቹ እንደየሥራቸው በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ «ታንክ» የሚባሉት ሲሆኑ፣ ከፊት ቀድመው ቦታ ይይዛሉ፤ ከኋላቸው ያለውንም ይሸፍናሉ። ሁለተኛዎቹ አጥቂዎች ናቸው፤ ጠላትን መትቶ መጣል የእነርሱ ድርሻ ነው። ሦስተኛዎቹ ደጋፊዎች ይባላሉ፤ የቆሰለውን ያክማሉ፣ የወገንን ኀይል ያጠነክራሉ፣ የጠላትን እንቅስቃሴ ያደናቅፋሉ።

ጀማሪ ተጫዋች በቅድሚያ ሊገነዘበው የሚገባው፣ ድል በተገደለው ጠላት ብዛት አለመለካቱን ነው። ብዙውን ጊዜ የግጥሚያው ግብ አንድን ጋሪ እያጀቡ ከተወሰነ ቦታ ማድረስ ወይም አንድን ቦታ ይዞ ማቆየት ነው። የወደቀ ተጫዋች ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ከመነሻ ሰፈሩ ዳግም ይነሣል፤ ነገር ግን እስከ ፍልሚያው ቦታ ድረስ መጓዝ ስላለበት፣ ቡድኑ ለዚያን ያህል ጊዜ በሰው ቁጥር ያንሳል። የአዲስ ገቢዎች ዋነኛ ጥፋት የሚመነጨውም ከዚህ ነው፤ አንድ በአንድ እየተመለሱ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ልምድ ያለው ቡድን ግን ጓደኞቹ እስኪሰበሰቡ ይታገሣል፤ ከዚያም አብሮ ይገባል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ጀግና በጨዋታው ሂደት ቀስ በቀስ የሚሞላ አንድ ታላቅ ችሎታ አለው። ይህን ችሎታ ብቻውን የሚያባክን ተጫዋች ብዙ አይጠቅምም፤ ከባልደረባው ችሎታ ጋር አዋሕዶ የሚጠቀምበት ግን የግጥሚያውን ውጤት ሊለውጥ ይችላል።

ከዱም እስከ ቲም ፎርትረስ

የዘርፉ መሠረት የተጣለው በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ ኢድ ሶፍትዌር በተባለ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በታኅሣሥ 1993 ያወጣው «ዱም» እስከ አራት የሚደርሱ ሰዎች ኮምፒዩተሮቻቸውን አገናኝተው እርስ በርስ እንዲተኳኮሱ አስችሏል። በዚያ ጨዋታ ሁሉም ተጫዋች አንድ ዓይነት ሰው ነበር፤ የሚቆጠረውም የገደለው ብዛት ብቻ ነበር።

በ1996 የወጣው «ኩዌክ» ጨዋታውን ወደ ኢንተርኔት አሸጋገረው። በዚህ ጊዜ ዋነኛው እንቅፋት የርቀት ጉዳይ ነበር። ብርሃን በመስታወት ኬብል ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አንድ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ ከሴኮንድ አንድ ሃያኛ በላይ ይፈጅበታል፤ በተግባር ደግሞ ኬብሉ ስለሚጠማዘዝና መልእክቱ በየጣቢያው ስለሚቆይ ጊዜው ይረዝማል። ጆን ካርማክ የተባለው መሐንዲስ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ኩዌክወርልድ» በተባለው እትም ያቀረበው መፍትሔ፣ የተጫዋቹ ኮምፒዩተር የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ የራሱን እርምጃ አስቀድሞ እንዲገምትና ስሕተት ሲኖር በኋላ እንዲያርም ማድረግ ነበር። ይህ ዘዴ ባይገኝ ኖሮ በሩቅ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች በአንድ ቡድን ተሰልፈው መጫወት ባልቻሉ ነበር።

ኢድ ሶፍትዌር ሌሎች ሰዎች ጨዋታውን እንዲያሻሽሉ በር ክፍት አድርጎ ነበር። በዚህ ዕድል ከተጠቀሙት መካከል ሮቢን ዎከርና ጆን ኩክ የተባሉ አውስትራሊያውያን ይገኛሉ፤ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በ1996 «ቲም ፎርትረስ» የተባለውን ማሻሻያ አወጡ። አዲሱ ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ ተጫዋቾች አንድ ዓይነት መሆናቸው ቀርቶ በሙያ ተከፋፈሉ። ሰላይ፣ አልሞ ተኳሽ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪምና ሌሎችም ተጨምረው ሙያዎቹ ከጊዜ በኋላ ዘጠኝ ደረሱ። ሙያን ከሙያ የሚያስተሳስረው ግን እያንዳንዱ የተሰጠው ችሎታ ብቻ ሳይሆን የተነፈገውም ነገር ነበር። አልሞ ተኳሹ ከሩቅ ቢያስፈራም በቅርብ ሲደርሱበት ደካማ ነው፤ መሐንዲሱ በራሱ የሚተኩስ መድፍ መትከል ቢችልም እርሱ ራሱ በቀላሉ ይወድቃል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ሠሪዎቹን ቀጥሮ በ1999 «ቲም ፎርትረስ ክላሲክ» የተባለውን እትም አወጣ።

የሐኪሙ ጉዳይ

ሙያ መከፋፈሉ ብቻውን ጥያቄውን አልመለሰም። በቀድሞዎቹ እትሞች ሐኪሙ ፈጣን ስለነበረ፣ ብዙ ተጫዋቾች የሚመርጡት ወገን ለማከም ሳይሆን የጠላትን ባንዲራ ነጥቆ ለመሮጥ ነበር። የሐኪም ስም ይዞ ሐኪም ያልሆነ ሰው በዛ ማለት ነው።

በጥቅምት 2007 የወጣው «ቲም ፎርትረስ 2» ለዚህ የሰጠው መልስ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሐኪሙ ከሩቅ የሚያክምበት የጨረር መሣሪያ ተሰጠው። ባከመ መጠን አንድ መለኪያ ይሞላለታል፤ መለኪያው ሲሞላ ራሱንና የሚያክመውን ሰው ለስምንት ሴኮንድ ያህል በጥይት የማይበገሩ ማድረግ ይችላል። የጠነከረ ምሽግ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሴኮንዶች ነው። እንዲሁም ሐኪሙ የደገፈው ሰው ጠላት ሲጥል፣ ረዳትነቱ በሐኪሙ ስም ይመዘገብለታል። በዚህ አኳኋን ማከም ከጦርነቱ ጀርባ የሚሠራ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የጦርነቱን መዞሪያ የሚወስን ሥራ ሆነ። ሠሪዎቹ በተጨማሪ እያንዳንዱ ሙያ ከሩቅ በጥላው ቅርፅ ብቻ እንዲለይ አድርገው ሣሉት፤ ለሥዕሉም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩትን የአሜሪካ የማስታወቂያ ሠዓሊዎች፣ በተለይም ሌየንዴከርን፣ አርአያ አደረጉ። ማን ምን እንደሚሠራ በአንድ እይታ ካልታወቀ መረዳዳት አይቻልምና።

የኦቨርዎች ዘመን

በዚህ መካከል በሌላ የጨዋታ ዘርፍ፣ በ2003 ከ«ዋርክራፍት 3» ተሻሽሎ በተሠራው «ዶታ» እና በ2009 በወጣው «ሊግ ኦቭ ሌጀንድስ» አማካይነት፣ ስም የለሽ ወታደር በስም በሚታወቅ ጀግና እየተተካ ነበር። ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ ሁለቱን ጅረቶች አገናኘ። ኩባንያው ለዓመታት የደከመበትን «ታይታን» የተሰኘ ሰፊ ጨዋታ ማቋረጡን በ2014 ካስታወቀ በኋላ፣ ከዚያ ቡድን የቀሩት ሠራተኞች በጄፍ ካፕላን መሪነት «ኦቨርዎች» የተባለውን ሠርተው በግንቦት 24 ቀን 2016 ለሽያጭ አቀረቡ። በመነሻው 21 ጀግኖች ነበሩት።

ኦቨርዎች ለጥያቄያችን ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥቷል። አንደኛው በመዝገብ አያያዝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሁሉንም ተጫዋች ውጤት ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥርና ያገኘውን ሜዳሊያ ብቻ ያያል። ሜዳሊያው ደግሞ ለገዳይ ብቻ ሳይሆን ብዙ ላከመና በግቡ ላይ ብዙ ለቆየም ይሰጥ ነበር።

ሁለተኛው መልስ በሥራው ጠባይ ላይ ያተኮረ ነበር። በሐምሌ 2016 የተጨመረችው «አና» የተባለች ግብፃዊት ጀግና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። አና አልሞ ተኳሽ ናት፤ ጥይቷ ጠላትን ሲመታ ያቆስላል፣ ወገንን ሲመታ ግን ይፈውሳል። ስለዚህ መልካም ዓላሚ መሆን የሚፈልግ ሰው ችሎታውን በሙሉ ለማከም ሊያውለው ቻለ።

ይሁን እንጂ ሽልማት ሁልጊዜ የታሰበለትን ፍሬ አያፈራም። «መርሲ» የተባለችው ሐኪም በአቅራቢያዋ የወደቁትን ወገኖች ሁሉ ባንድ ጊዜ የማስነሣት ታላቅ ችሎታ ነበራት። ከዚህም የተነሣ ብዙ ተጫዋቾች በሕይወት ያሉትን ማከም ትተው ጓደኞቻቸው እስኪያልቁ ድረስ መደበቅን ለመዱ። ብዙ ሰው ያስነሣ ይደነቅ ነበርና፣ ማንም እንዳይወድቅ ያደረገው ግን አይታይም ነበር። ሠሪዎቹ በመስከረም 2017 ችሎታውን አንድን ሰው ብቻ እንዲያስነሣ አድርገው ለወጡት።

የደንቡ ዘመን

ሽልማቱም ሆነ የሥራው ውበት አጥቂ ለመሆን የሚሻማውን ብዛት ሊቀንስ አልቻለም። በሰኔ 2018 ተጫዋቾች ከግጥሚያ በኋላ ስለ መልካም ጠባይና ስለ መልካም አመራር እርስ በርስ የሚመሰጋገኑበት ዘዴ ተጀመረ። በተቃራኒው ደግሞ በከፍተኛ ውድድር አጥቂን ፈጽሞ አስቀርተው ሦስት ታንክና ሦስት ደጋፊ ብቻ የሚያሰልፉ ቡድኖች ድል እያደረጉ መጡ። ጨዋታው ባንድ በኩል ደጋፊ አጥቶ፣ በሌላ በኩል በደጋፊ ተጨናንቆ ሚዛኑ ተናጋ።

በ2019 ብሊዛርድ ቁርጥ ያለ ደንብ አወጣ፤ ማንኛውም ቡድን ሁለት ታንክ፣ ሁለት አጥቂና ሁለት ደጋፊ እንዲኖሩት ተወሰነ፤ ተጫዋቹም ግጥሚያ ከመግባቱ በፊት የሥራ ምድቡን መርጦ ይሰለፋል። ደንቡ ሥርዓት አመጣ፤ ሆኖም ቀድሞ በግጥሚያው ውስጥ የነበረውን እጥረት ወደ በሩ አወጣው። ደጋፊ የሆነ ቶሎ ሲገባ፣ አጥቂ መሆን የፈለገ ረጅም ሰልፍ ይጠብቃል። በ2020 ሌላውን ምድብ ለተጫወተ ሰው በአጥቂዎቹ ሰልፍ ቅድሚያ የሚያሰጥ ፈቃድ ተዘጋጀ።

በጥቅምት 2022 የመጀመሪያው ጨዋታ ሰርቨር ተዘግቶ በእግሩ «ኦቨርዎች 2» ሲተካ ቡድኑ ወደ አምስት ዝቅ አለ፤ የተቀነሰውም አንዱ ታንክ ነበር። እጥረቱ የቀለለ ቢመስልም ሁለት ሰው ይሸከመው የነበረው ኀላፊነት በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ወቀሳውም እንዲሁ። በዚያው ጊዜ የሁሉንም ሰው ግድያ፣ ፈውስና የመከተውን ጉዳት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተጨመረ። የደጋፊው ሥራ በይፋ ተቆጠረለት፤ ነገር ግን ቁጥሩ ለመመስገን እንዳገለገለ ሁሉ ለመወቃቀስም አገለገለ። በ2024 መጨረሻ ኩባንያው ስድስት ለስድስት መጫወትን እንደገና መሞከር ጀመረ።

በዚያው ዓመት የታዩ ሁለት አጋጣሚዎች የዘርፉን ጠባይ ያሳያሉ። «ኮንኮርድ» የተባለው ጨዋታ በነሐሴ 23 ወጥቶ በመስከረም 6፣ ማለትም በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ተዘጋ፤ ለገዢዎችም ገንዘባቸው ተመለሰ። በታኅሣሥ ወር የወጣው «ማርቭል ራይቫልስ» በአንጻሩ ብዙ ሕዝብ ሳበ። ይህ ጨዋታ የምድብ ደንብ አላወጣም፤ ይልቁንም የተወሰኑ ጀግኖች አብረው ሲሰለፉ ብቻቸውን የማያገኙትን ተጨማሪ ችሎታ ሰጣቸው። በግዴታ ፋንታ የመተባበርን ጥቅም ማስቀደም ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ የጨዋታ ሠሪዎች ደጋፊ ለማግኘት ሦስት መንገድ ሞክረዋል፤ ሽልማት ሰጥተዋል፣ ደንብ አውጥተዋል፣ የድጋፉን ሥራ ራሱን ሙያ የሚጠይቅና በዐይን የሚታይ አድርገዋል። ሽልማቱ አንዳንድ ጊዜ ሥራውን አዛብቷል። ደንቡ የጎደለውን ቦታ ማስሞላት ቢችልም ሰውን በሥራው ማስደሰት አልቻለም። ከ2007 የሐኪም ጨረር እስከ አና ጠመንጃ ድረስ ሳይሻር የቆየው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ሰው ጥበብ ያለበትን ሥራ በፈቃዱ ይመርጣልና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል ሸክሙን ለሚከፋፈሉት ሁሉ እኩል ያደርገዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ግን ሁሉም ሰው አንድ አንድ ሎሚ አይደርሰውም፤ አንዱ መንገዱን ይጠርጋል፣ ሌላው የደከመውን ይደግፋል፣ በመጨረሻ የሚቆጠረው ግን ሎሚው ብቻ ነው። የጀግኖች ተኩስን ለመማር የሚሻ ባልደረባችን ቢኖር፣ ምክራችን የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች በደጋፊነት እንዲሰለፍ ነው። ከኋላ የቆመ ሰው መላውን ፍልሚያ ያያል፤ የትኛው ጓደኛ ሳያስብ እንደሚገባ፣ የትኛው ለሌላው ቦታ እንደሚለቅ፣ አንድ ታንክ ለምን ያህል ጊዜ ብቻውን እንደቆመ ያስተውላል። በኋላ አጥቂ ሲሆን ከጀርባው ያለውን ሰው መለስ ብሎ ማየትን ከዚያ ይማራል።