ጃንተከል፣ ፒያሳ፣ ኮሪደር፦ የጎንደር አደባባይ የማን ነው?

እስቲ አንድ ቃል እንመርምር፤ "አደባባይ"። ዛሬ ይህ ቃል ሲጠራ ቶሎ ትዝ የሚለን መኪና የሚዞርበት ክብ ነው። መሃሉ ላይ ሐውልት ወይም ፏፏቴ፣ ዙሪያውን አጥር፣ ከአጥሩ ውጭ ባጃጅና ሚኒባስ። እግረኛ አይገባበትም፤ ቢገባም የሚቀመጥበት የለውም። በድሮው አማርኛ ግን አደባባይ ሰው የሚቆምበት፣ አቤት የሚልበት፣ አዋጅ የሚሰማበት፣ ፍርድ የሚያይበት ቦታ ነበር። "አደባባይ ዋለ" ሲባል ችሎት ቆሞ ዋለ ማለት ነው። "የአደባባይ ምስጢር"፣ "አደባባይ አወጣው" የሚባለውም ከዚያው የመጣ ነው።

ይህ ቃል ከሰው ወደ መኪና እንዴት እንደ ተሻገረ ለማየት ጎንደርን የመሰለ ምስክር የለም። ከተማዋ ውስጥ አደባባይ ኢየሱስ እና አደባባይ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። አደባባዩ ከመታወቁ የተነሳ ለታቦት ቤት መጠሪያ ሆኗል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

*አሥራ ሁለቱ በሮች*

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ መነሻው ግቢው ነበር። ከሳቸው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ፣ ዐፄ ኢያሱ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ጋር፣ ሁሉም በተራ በተራቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ሠሩ። ዙሪያው 900 ሜትር ገደማ የሚሆን ግንብ ታጠረ። ለዚህ ግንብ አሥራ ሁለት በሮች ነበሩት።

የበሮቹን ስም ልብ ብሎ ለሰማ ሰው የከተማዋ አሠራር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወምበር በር ዳኞች የሚገቡበት ነው። እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የፈረስ አዛዦቹ፣ አደናግር በር የፈታዮቹ፣ ተዝካሮ በር ተዝካር የሚወጣበት። ራስ በር፣ እልፍኝ በር፣ እንቆዬ በር እያለ ይቀጥላል። የትኛውም በር ለውበት ብቻ የተከፈተ አይደለም። እያንዳንዱ የሚገባበት ሰው፣ የሚያልፍበት ጉዳይ ነበረው። አጥሩ ጠንካራ ቢሆንም ከተማው ከግቢው ጋር በአሥራ ሁለት አፍ ይነጋገር ነበር ማለት ይቻላል።

ዋናው ፊት በር ወይም ጃንተከል በር የሚባለው ነው። ከፊቱ ሰፊ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ትልቅ ዋርካ። "ጃን" የንጉሥ መጠሪያ ስለሆነ ጃንተከል ማለት ንጉሥ የተከለው ማለት ነው ይባላል። አዋጅ የሚነገረው፣ ሕዝብ የሚሰበሰበው፣ ወንጀለኛ የሚቀጣውም በዚሁ ደጃፍ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ከተማዋ በሰላም ጊዜ አሥር ሺህ ያህል አባወራ እንደሚኖርባት ጽፏል። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። አቤቱታ ያለው ሰው ከንጉሡ መስኮት ሥር ቆሞ ከጠዋት እስከ ማታ "ጃንሆይ!" እያለ ይጮኻል፤ ሁሉም በየቋንቋው። ክረምት ገብቶ ባለጉዳይ ከገጠር መምጣት ሲያቅተው እንኳ ጩኸቱ እንዳይቋረጥ፣ ንጉሡም ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ለዚሁ ተብለው የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ። ብሩስ ይህን እንደ እብደት ነው ያየው። ከከተማ አሠራር አንጻር ለሚያየው ግን ትልቅ ነገር አለው፦ የቤተ መንግሥቱ ግንብ የተሠራው የደጁ ድምፅ እንዲሰማ ሆኖ ነበር። መስኮቱና ሜዳው በአንድ የድምፅ ርቀት ላይ ነበሩ።

ይህን ሲሉ ያንን ዘመን ማር አድርጎ መቀባት አይገባም። ያው ዋርካ ሰው የሚሰቀልበትም ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። አዲስ ዓለም የሙስሊሞች፣ ፈላሻ ቤት የቤተ እስራኤላውያን ሰፈር ሆነው የቆዩት ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። የጎንደር አደባባይ ለአቤቱታ ክፍት የነበረውን ያህል፣ ከአደባባዩ መልስ ሁሉም ወደተመደበለት ሰፈር ይገባ ነበር። ሰፈር መለየትን ለጎንደር ያስተማራት ጣሊያን ብቻ አይደለም።

*ከአመድ ላይ የተሣለ ፕላን*

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን መራራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸውን ወደ ደብረ ታቦርና መቅደላ አዞሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሏት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ያልተቃጠለውን ጨረሱት። ከአርባ አራቱ አድባራት አብዛኞቹ ወደሙ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ግንቦቹ ቆሙ እንጂ ከተማዋ ትንሽ መንደር መሰለች።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የፋሺስት ጦር ያገኘው ይህን ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን "አማራ" ብለው ለሰየሙት ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት፤ ፕላኗን የማውጣቱ ሥራም ለፍሎረንሱ አርክቴክት ለጌራርዶ ቦዚዮ ተሰጠ። ቦዚዮ ሞያተኛ ነበር። የመሬቱን አቀማመጥ አጥንቷል፤ ግንቦቹ ከሩቅ እንዲታዩ ተጠንቅቋል። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፊ ጎዳና፣ ከራሱ ላይ የቆመው ፖስታ ቤት፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ጥግ ጥጋቸው የተሞረደ ቢጫማ ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ካሉት የዚያ ዘመን የከተማ ማዕከሎች እንደ ጎንደር ፒያሳ ሳይበታተን የቆየ ጥቂት ነው።

የፕላኑ ልብ ግን ሌላ ነበር። ጣሊያኖች የሚኖሩበት፣ የሚነግዱበትና የሚያስተዳድሩበት ሰፈር ለብቻው፣ የ"ተወላጆች" ሰፈርና ገበያ ዝቅ ብሎ ለብቻው ተከለለ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ዜጎቿ ከአፍሪካውያን ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ ፕላኑ ይኸው ሕግ በድንጋይና በመንገድ የተጻፈ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ጃንተከል ሰው ቆሞ የሚሰማበት ቦታ ነበር፤ ፒያሳ ግን የተሣለው ግንቡን ከጀርባ አድርጎ ገዢው እንዲታይበት ነው። የነገሥታቱ ቤት ለወራሪው ትዕይንት መጋረጃ ሆነ።

ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጀኔራል ናዚ እጁን ሲሰጥ በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ ወደቀ። በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ግቢውን ደብድበው የዐፄ ኢያሱን ግንብ ጎድተዋል።

*ሕዝቡ ፒያሳን ሲወርሰው*

ከነጻነት በኋላ የሆነውን ያቀደ ማንም መሐንዲስ የለም። ለሌላው የተሠራውን ጎዳና ጎንደሬው ገባበት። በረንዳው ላይ ሊስትሮው ተቀመጠ፤ ከሲኒማው ደጅ ወጣቱ ተቃጠረ፤ ካፌው ማኪያቶውን አፈላ። "ፒያሳ" የሚለው ቃል ራሱ ጎንደሬ ሆነ። ታችኛው ቅዳሜ ገበያም ከደጋው የሚወርደውን ገበሬ ማስተናገዱን ቀጠለ። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ግን አልጠፋም። ወራሪው ያሰመረው መስመር ሕጉ ከተሻረ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቢሆነውም በእግር የሚሄድ ሰው ዳገቱ ላይ ይሰማዋል፦ ላይ የሚታይ ከተማ፣ ታች የሚሠራ ከተማ።

አደባባይ ድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረው ደግሞ ቀይ ሽብር ነው። ጎንደር በዚያ ዘመን ክፉኛ ከተመቱት ከተሞች አንዷ ነበረች። መንገዱ ያው መንገድ፣ ፖስታ ቤቱም ያው ነበር፤ ግን ሰው ተሰብስቦ ማውራት የፈራበት ከተማ አደባባይ የለውም። በተቃራኒው ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ ዕለት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለተቃውሞ ሰልፍ ሲወጣ፣ የሰውየው ፖለቲካ ምንም ይሁን ምን፣ ከተማዋ የድሮውን "አቤት!" መልሳ እንዳገኘች አይካድም።

በ1972 ዓ.ም. ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይህ ግንቦቹን ከመፍረስ ያዳነ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋም ነበረው። አሥራ ሁለት አፍ የነበረው ግቢ ቲኬት የሚቆረጥበት ቅጥር ሆነ። ለቱሪስቱ ተከፈተ፤ ለጎረቤቱ ግን በግንብ ላይ አሻግሮ የሚያየው ነገር ሆነ።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ጥር 11 ቀን ወደ ፋሲል መዋኛ መውረድ ነው። ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ገንዳው ይሞላል፤ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው በከተማዋ ጎዳናዎች ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ የዛፍ ሥር በወረሰው ግንብ ዙሪያ ያድራል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው እንደ ሕንፃ ሳይሆን እንደ ሕያው ሥርዓት ነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ገንዳ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ቅርስ የሚኖረው ሥራ ሲኖረው ነው።

*አሁን የመጣው ኮሪደር*

በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ጎንደርም ደርሷል። ግንቦቹ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ መንገድ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መሄጃ ተነጥፏል፤ መብራት ቆሟል። ይህን በጅምላ ማንቋሸሽ ቅንነት አይሆንም። ጭቃና አቧራ ሲፈራረቁበት የኖረ ሰው ንጹሕ የእግር መንገድ ይገባዋል፤ ማታ ለምትመለስ ተማሪ መብራት ቅንጦት አይደለም።

ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህ የሚሠራው ሰው እንዲቆምበት ነው ወይስ እንዲታይ?

መልሱ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። ጥላ የሌለው ሰፊ ንጣፍ ለድሮን ፎቶ ያምራል፤ በሚያዝያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ግን ማንም አይቀመጥበትም። መቀመጫ ከሌለው አዛውንት አይወጣም። የሕዝብ ሽንት ቤትና የሚጠጣ ውኃ ከሌለው እናት ልጇን ይዛ አትቆይም። ሊስትሮው፣ የጀበና ቡና የምታፈላው፣ ጉልት የምትቸረችረው ሴት "ገጽታ ያበላሻሉ" ተብለው ከተነሡ፣ የቀረው ነገር ንጹሕ ነው፤ አደባባይ ግን አይደለም። የፊት በርን ሜዳ አደባባይ ያደረጉት እንደነሱ ያሉ ሰዎች ናቸው።

የቦዚዮ ታሪክ እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለው። ያው ሰው ከጎንደር በኋላ አልባኒያ ሄዶ የቲራናን ማዕከል ፕላን አዘጋጅቷል፤ ያው ሰፊ ጎዳና፣ ያው የገዢ ትዕይንት። ቲራና የወራሪውን መስመር አላፈረሰችም። በ2009 ዓ.ም. ግን በመሃሏ ያለውን፣ መኪና ሲዞርበት የኖረውን የስካንደርቤግ አደባባይ ለእግረኛ ሰጠችው። መሬቱን ከአገሪቱ ከየአቅጣጫው በመጣ ድንጋይ አነጠፈችው፤ ዙሪያውን በዛፍ ከበበችው። በዓመቱ የአውሮፓ የሕዝብ ቦታዎች ሽልማትን አገኘ። ከአንድ አርክቴክት እጅ የወጡ ሁለት ከተሞች፤ አንዷ መንገዱን አሳይታለች።

ጎንደር ደግሞ ከቲራና የበለጠ ስንቅ አላት። ለጠጠር አንጣፊው፣ ለድንጋይ ጠራቢው፣ ለኖራው ሞያ ከውጭ አስተማሪ አያሻትም። የሚያሻት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በግቢው ደጃፍና በፒያሳ መካከል ያለው ቦታ በቅድሚያ ለእግረኛና ለዋርካ ጥላ ይሁን፤ ባጃጁ ዳር ዳሩን ይዙር። ሁለተኛ፣ ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ያለው መንገድ እንደ ዋናው ጎዳና እኩል ክብር ያግኝ፤ ደረጃ፣ ማረፊያ፣ ጥላ ይኑረው፤ ወራሪው የለያየውን ማገናኘት ማለት ይህ ነው። ሦስተኛ፣ ከማፍረስና ከማንጠፍ በፊት እዚያ የሚውለው ሰው ይጠየቅ፤ የሚነሣም ካለ በሚሠራበት ቦታ አቅራቢያ ምትክ ይሰጠው።

ንጉሡ መስኮታቸው ሥር የሚጮኸውን ሰው አላባረሩም፤ ዝም ሲል ነው የከፋቸው። የጎንደርን አደባባይ የሚያድሱ ሰዎች ሥራቸውን በዚሁ ይመዝኑት። አስፋልቱ ደርቆ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ እዚያ የሚሰማው ምንድን ነው? የሰው ድምፅ ከሆነ፣ አደባባይ ተሠርቷል።